ከአዳም ጀምሮ፣ በዞን ደረጃ

ስንት ልጅ ወለዳችሁ ተብለን ስንጠየቅ እኔ ሁለት እላለሁ፣ ባለቤቴ ሦስት ትላለች። ጠያቂው ግራ ተጋብቶ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን ያያል። እኔም ሳቅ ብዬ ወሬ እቀይራለሁ። እንዲህ እያልን ዘጠኝ ዓመት ኖርን። በመካከላችን ያለችው ልዩነት አሥራ አንድ ቀን የኖረች ሴት ልጃችን ናት። ክርስትና ሳትነሳ ስለሞተች ድንኳን አልተተከለላትም፣ የእድር ጥሩምባም አልተነፋላትም። አንድ ጠዋት ሁለት ጎረቤቶቼ መጥተው ይዘዋት ሄዱ፤ እኔም ከኋላ ተከተልኩ። ሰዉ "እግዜር ይተካ" ብሎን ከምሳ በፊት ወደየሥራው ተበተነ። ከዚያ ወዲህ ሚስቴ ከእኔ የምትፈልገው ነገር ቢኖር አንድ ነው፤ አንድ ቀን፣ ሰው ፊት፣ ሦስት እንድል።

እኔ ግን የስታትስቲክስ ባለሙያ ነኝ። በሕይወት የሌለ ሰው በቤተሰብ ብዛት ውስጥ አይገባም፤ መመሪያው እንደዚያ ነው የሚለው። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ሦስት ብል የሚከተለውን ጥያቄ እፈራ ነበር። "ሦስተኛዋስ የት አለች?" ለሚለው መልስ አልነበረኝም፤ ስለዚህ መመሪያው ተመቸኝ።

የተወለድኩት ካፋ ውስጥ ደካ የምትባል ገጠር ነው። እዚያ ሰው መቁጠር ነውር ነበር። ልጅ ሆኜ ወንድሞቼንና እህቶቼን በጣቴ እየጠቆምኩ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስል እናቴ ጣቴን በማማሰያ መታችኝ። ሰው እንደ ከብት አይቆጠርም አለች፤ የተቆጠረ ይጎድላል ብላ ታምን ነበር። ይህን ምክር በሚገባ ከሰማሁ በኋላ አደግሁና መንግሥት ሰው እንድቆጥር ቀጠረኝ። አሁን ቦንጋ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ጡረታዬን ገና አልበላሁም። ሥራዬ ከታች የመጣን ቁጥር ደምሮ ወደ ላይ መላክ ነው። ላይ ያሉት ትንሽ ጨመር ያደርጉበትና ዕቅድ ብለው ይመልሱልናል፤ ታች ያሉት ደግሞ ያንኑ ዕቅድ አሳካን ብለው መልሰው ይልኩታል። በዚህ መሃል ማንም ሰው ከወንበሩ ሳይነሳ ዓመቱ ያልቃል።

ባለፈው ዓመት አዲስ ኃላፊ መጣልን። ከሌላ ክልል የመጣ፣ በዕድሜ ከእኔ በጣም የሚያንስ፣ ቀና ልጅ ነው። አንድ ችግር ብቻ አለበት፤ ስልኩ ላይ ያነበበውን ሁሉ ወደ ተግባር መለወጥ ይፈልጋል። ሌላ ጊዜ በሥራ መደቤ የሚጠራኝ ሰው "ጋሼ" ካለኝ ችግር እንዳለ አውቃለሁ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ከስብሰባ በኋላ፣ "ጋሼ፣ አንዴ ይቀመጡ" አለኝ። ተቀመጥኩ። "ምድር ላይ እስከ ዛሬ ስንት ሰው እንደኖረ ያውቃሉ?"

"አላውቅም።"

"ከመቶ ቢሊዮን በላይ! ሳይንቲስቶች ገምተውታል። የሞተውም ያለውም አንድ ላይ።" ስልኩን ወደ እኔ አዞረ። "ታዲያ ከዚህ ውስጥ የዞናችን ድርሻ ስንት ነው?"

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። በሚቀጥለው ወር በከተማው የቡናና የማር ኤግዚቢሽን ይዘጋጃል፤ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ፤ የእኛ ቢሮ ድንኳን ፊት ለፊት ትልቅ ባነር ይሰቀላል፤ ባነሩ ላይ ደግሞ ከፍጥረት ጀምሮ ካፋ ምድር ላይ የኖረው ሕዝብ ብዛት ይጻፋል። ሌሎች ዞኖች እንዲህ ዓይነት ዳታ የላቸውም አለ፤ በዚህስ ልክ ነበር።

ነገሩን በቀስታ ላስረዳው ሞከርኩ። እንዲህ ያለ ግምት በሦስት ነገር ላይ ይቆማል። ሰው መቼ ጀመረ? ሲጀምር ስንት ነበር? በየዘመኑ ከሺህ ሰው ስንት ሕፃን ይወለድ ነበር? የመጀመሪያው ግምት ነው፣ ሁለተኛው የግምት ግምት ነው። ሦስተኛው ሻል ይላል፤ ነገር ግን ጽሑፍ ያልነበረበትን ረጅም ዘመን ማን ቆጠረው? ኃላፊያችን ራሱን እየነቀነቀ ሲሰማኝ ቆየና፣ "በጣም ጥሩ" አለ፣ "ኮሚቴ ይቋቋም።"

አራት ሆነን ተቋቋምን። እኔ ሰብሳቢ፤ ሁላችን እትዬ የምንላቸው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ጸሐፊ፤ የግዢ ኦፊሰሩና ከዩኒቨርሲቲው የተዋስነው የባዮሎጂ መምህር አባላት። የመጀመሪያው አጀንዳ "ሰው መቼ ጀመረ" የሚል ነበር። እትዬ እጅግ ሃይማኖተኛ ስለሆኑ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ከምናምን ዓመት ነው፣ ይህ ምን ስብሰባ ያስፈልገዋል አሉ። የግዢ ኦፊሰሩ ፕሮቴስታንት ነው፤ በእሱ መጽሐፍ ቅዱስ ኅዳግ ላይ የተጻፈው ወደ ስድስት ሺህ ገደማ ስለሚል ከዚያ በላይ አንድ ዓመት አልጨምርም አለ። መምህሩ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ከሁለት መቶ ሺህ ዓመት ያላነሰ ነው አለ። እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው፣ "የኔ ልጅ፣ ያን ጊዜ ማን ነበረ?" አሉት።

ሦስት ሰዓት ተከራከርን። በመጨረሻ መፍትሔውን ያመጣው የግዢ ኦፊሰሩ ነው። ግዢ ላይ ከሦስት ነጋዴ ፕሮፎርማ ሲመጣ የገበያው ግምት እንዴት እንደሚወጣ ያውቃል፤ ሦስቱ ይደመሩና ለሦስት ይካፈሉ አለ። መምህሩ ይህ የሳይንስ ሞት ነው ብሎ ተነሣ። ውጭ ዝናቡ በርትቶ ነበር፤ የጠራው ባጃጅም በር ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ይነፋል። ባጃጁ ጥሎት እንዳይሄድ ብሎ እሱም ለድጋፍ እጁን አወጣ። ስለዚህ የሰው ልጅ ዕድሜ በቦንጋ ከተማ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

በማግስቱ የታየው ሁለተኛው አጀንዳ ቀላል ይሆናል ብዬ ነበር። ሲጀመር ስንት ሰው ነበር? ሁለት፤ በዚህ ሁሉም ተስማሙ፣ መምህሩም ደክሞት ተስማማ። ነገር ግን እኔ አፌ አላርፍ ብሎኝ፣ አዳምና ሔዋን እኮ የካፋ ሰዎች አልነበሩም፣ ቁጥሩ የዞን ነው አልኩ። እትዬ ከገነት የሚፈልቁትን ወንዞች እየጠሩ ገነት ከዚህ ብዙም እንደማትርቅ አስረዱን። የግዢ ኦፊሰሩ ደግሞ፣ ራሳቸው እዚህ ባይኖሩም ወራሾቻቸው እዚህ ስላሉ ይገባሉ አለ። አዳምና ሔዋን የዞናችን ነዋሪ ተብለው በቃለ ጉባኤ ተመዘገቡ፤ ፈረምኩበት። ብዕሬን ከወረቀቱ ሳነሳ ልጄ ትዝ አለችኝ። እሷ ቦንጋ ውስጥ ተወልዳ ቦንጋ ውስጥ የሞተች ናት፤ የትም ወረቀት ላይ ግን የለችም። ሐሳቡን ቶሎ አባረርኩትና ሻይ አዘዝኩ።

ለሦስተኛው ጥያቄ አንድ ቅጽ አዘጋጅተን ወደ ታች ላክን፤ በየቤቱ እናቶች ስንት እንደወለዱ፣ ስንት እንደሞተባቸው የሚጠይቅ። መልሱ ከወትሮው ፈጥኖ መጣ። አንዱ ቀበሌ ልደትን መቶ በመቶ ማሳካቱን ገልጾ ለቀጣዩ ሩብ ዓመት ተጨማሪ ጥረት እንደሚያደርግ ቃል ገባ። ሌላው "የሞቱ ሕፃናት ብዛት" በሚለው ረድፍ ላይ "በቀበሌያችን የዚህ ዓይነት ችግር አይታይም" ብሎ ማኅተም መታበት። እንዲህ ሲቀልዱብኝ ዓመታት አሳልፌያለሁ፤ ያን ቀን ግን አናደደኝ። ኃላፊውን ፈቃድ ጠይቄ ራሴ ማንኪራ ወደሚባለው የጫካ ቡና ቀበሌ ወረድኩ።

የቢሮው መኪና መንገዱ እስከፈቀደለት ድረስ አደረሰኝ፤ ከዚያ በእግር ገባሁ። የቡና ለቀማ ሰሞን ስለነበረ ቤቶቹ ባዶ ነበሩ። አንዲት አሮጊት ብቻ ደጃቸው ላይ ቁጭ ብለው የተለቀመ ቡና ሲመርጡ አገኘሁ። እግራቸው ስለማያስኬዳቸው ከለቀማ ቀርተዋል። በአገራችን ቋንቋ በካፊኖኖ ስናገራቸው ደስ አላቸው፤ ከቦንጋ የሚመጣ ቅጽ የያዘ ሰው በአማርኛ እየጮኸባቸው ነው የለመዱት።

"ስንት ልጅ ወለዱ እናቴ?"

"አምስት" አሉ፣ አምስት ጣታቸውን ዘርግተው። እኔም አምስት ብዬ ጻፍኩ። ለመነሳት ስዘጋጅ ሳላስበው፣ ሁሉም አሁን ለቀማ ወጥተው ይሆን ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ሁለቱ እዚህ ናቸው፣ ሦስቱ አግብተው ወጥተዋል። አምስቱም ግን እዚህ ነው የለቀሙት። ለእያንዳንዳቸው ቅርጫት ሠርቼላቸዋለሁ።"

"ቅርጫት ሳይይዙ የቀሩስ ነበሩ?"

እጃቸው ከቡናው ላይ ቆመ። "ይህን የምትጠይቀኝ ለመንግሥት ነው ለራስህ?"

አሥራ ስምንት ዓመት ስጠይቅ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። ቅጹን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩና፣ "ለራሴ" አልኩ። ያን ስል እውነት መሆኑን አላወቅሁም ነበር።

"ለራስህ ከሆነ ስምንት ናቸው።" ዱላቸውን ይዘው ተነሡ፤ ደግፌያቸው ከቤቱ ጀርባ ወደ እንሰቱ ሄድን። እዚያ ሦስት ቦታ በዱላቸው አሳዩኝ። ምንም ምልክት የለበትም፤ ሣር ብቻ ነው። "ሰው ሲጠይቀኝ አምስት እላለሁ" አሉ። "ሰው የሚጠይቀኝ ስንት የሚሠራ እጅ እንዳለኝ ለማወቅ ነው። እነዚህን ቆጥሬያቸው አላውቅም። ረስቻቸውም አላውቅም።" ወደ እኔ ዞሩ። "አንተስ ስንት አለህ?"

"ሁለት" አልኩ።

ከዚያ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ፣ ሰው ከለቀማ ሲመለስ እየጠበቅሁ፣ ብዙ ቤት ገባሁ። ቅጹን ከኪሴ ሳላወጣ ጠየቅሁ፤ በየቤቱ ለመንግሥት የሚነገር ቁጥርና ለራስ የሚነገር ቁጥር አለ። ሁለተኛው ሁልጊዜ ይበልጣል። እስከ ዛሬ ወደ ላይ ስልከው የኖርኩት የሕዝብ ቁጥር ሳይሆን የቅርጫት ቁጥር ነበር። በዓለም ላይ እስከ ዛሬ ኖሩ ከሚባሉት ሰዎች ውስጥም እጅግ ብዙዎቹ ቅርጫት ሳይይዙ የሄዱ ሕፃናት እንደሆኑ ኃላፊያችን ስልኩ ላይ ያሳየኝ ጽሑፍ ራሱ ይናገራል፤ አንብቤው አልፌው ነበር። አፈርኩ። መጀመሪያ በቢሮው፣ በኮሚቴው፣ በቅጹ ተናደድኩ፤ ወደ መኪናው የሚወስደው መንገድ ረጅም ስለሆነ መጨረሻ ላይ ራሴ ጋ ደረስኩ።

ቤት ስደርስ ሚስቴ የተማሪዎቿን ደብተር እያረመች ነበር። ምሳ እየበላሁ ሁሉንም አጫወትኳት፤ የአሮጊቷን ቅርጫት፣ እንሰቱን፣ ለመንግሥትና ለራስ የሚለውን። በደንብ ነበር የተረክሁት፤ በራሴም ትንሽ ኮርቼ ነበር። እሷ ቀይ እስክሪብቶዋን ሳታስቀምጥ ሰማችኝ።

"አንተን አልጠየቁህም?" አለች።

"ምን?"

"እሳቸው ስምንት ካሉ በኋላ። አንተስ ስንት አለህ አላሉህም?"

"ብለውኛል።"

"ምን አልካቸው?"

ጎንበስ ብዬ እንጀራ መቁረስ ጀመርኩ። ገባት። ደብተሩን ዘጋችና ሌላ ደብተር ከፈተች። ማንም በማያውቀኝ ጫካ ውስጥ፣ ሦስት መቃብር አጠገብ ቆሜ፣ ምንም የሚያሳፍር ነገር በሌለበት ቦታ እንኳ ሁለት ብዬ መጣሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሥራዬ መጠየቅ ተወች። ደህና አደርክ፣ ደህና ዋልክ፣ ጨው አንሶታል፤ በዚህ ቆየን።

ኮሚቴው ለመጨረሻ ጊዜ ተሰበሰበ። የማንኪራን ነገር ነገርኳቸውና በወሊዱ ቁጥር ላይ ሕፃናቱ ይጨመሩ አልኩ። የተቃወመ አልነበረም። እትዬ ራሳቸው መነጽራቸውን ጠርገው፣ "ሁለት ጨምርልኝ" አሉ። የመዝገብ ቤቱ ሰው ሁሉ አንድ ልጅ ብቻ እንዳላቸው ነበር የሚያውቀው። ቁጥሩ ወጣ። እዚህ አልጽፈውም፤ ውሸት ነው፣ ትልቅ ውሸት፣ ነገር ግን እስከ መጨረሻዋ አኃዝ ድረስ ተጠንቅቀን የሠራነው ውሸት ነበር። ለኃላፊው ሳቀርብለት ደስ አለውና ወዲያው ፊቱን ቋጠረ። "እነዚህ መጨረሻ ላይ ያሉት ቁጥሮች ለዓይን አይመቹም ጋሼ። እናጠጋጋው።" በእስክሪብቶ ስድስቱን የመጨረሻ አኃዞች ሰርዞ ዜሮ አደረጋቸው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ፋይሉ ማተሚያ ቤት ነበር።

የኤግዚቢሽኑ ቀን ፀሐይ ወጣ። ባነሩ ከቢሮው ድንኳን በላይ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል፤ ዜሮዎቹ የሰው ጭንቅላት ያክላሉ። ማር ሻጮች ማራቸውን ደርድረዋል፣ ቡና አቅራቢዎች ቡናቸውን። ሰው ባነሩ ሥር እየቆመ ፎቶ ይነሣል። የአዳምና የሔዋን ነገርም ከስብሰባ አምልጦ ከተማውን ስላዳረሰ የባጃጅ ሹፌሮች ሲያዩኝ "አዳም መታወቂያ አወጣ ወይ?" ይሉኛል። እንደ ሥራዬ ከሆነ ይገባኛል።

ሚስቴ ተማሪዎቿን ይዛ መጣች። ልጆቹን ማር ወደሚቀመስበት ላከቻቸውና ባነሩ ፊት ቆመች። ቀስ ብዬ አጠገቧ ሄድኩ። በከንፈሯ ትቆጥር ነበር።

"ስድስት ዜሮ" አለች።

"ተጠጋግቶ ነው።"

"አዳምና ሔዋን ገብተዋል አሉ።"

"ገብተዋል።"

"የእኔዋ የትኛው ዜሮ ውስጥ ናት?"

በቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። አልተቆጣችም። እንደ ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ፤ ባለሙያ ስለሆነ ያውቀዋል ብላ፣ እንዳሳያት። ቀና ብዬ ዜሮዎቹን ተራ በተራ አየሁ። ከእነሱ አንዱን ብጠቁም ደስ ባለኝ ነበር።

በዚያው ቅጽበት ኃላፊያችን ከላይ የመጡትን እንግዳ ይዞ ደረሰ። ከኋላቸው የካሜራ ሰው፣ የወረዳ ሰዎች፣ እትዬም በነጠላቸው፣ የግዢ ኦፊሰሩም አሉ። "ይህን ፊገር ያወጡልን እኚህ ባለሙያችን ናቸው" አለ፣ ትከሻዬን ይዞ። እንግዳው ጨበጡኝ። ቁጥሩን አደነቁ፤ ምን እንደሆነ የገባቸው አይመስለኝም። ከዚያ ሚስቴን አዩና እንደ ጨዋ ሰው ቤተሰብ ጠየቁ።

"ባለቤትህ ናት? ጎሽ። ስንት ልጆች አሏችሁ?"

ሚስቴ እኔን አላየችም፤ መሬት መሬት ታይ ነበር። ለዘጠኝ ዓመት ለዚህ ጥያቄ እሷ ነበረች ቀድማ የምትመልሰው፤ ያን ቀን ተወችው።

"ሦስት" አልኩ።

ድምፄ ከሚገባው በላይ ስለጮኸ የግዢ ኦፊሰሩ ዞሮ አየኝ። ጎረቤቴ ነው፤ ያን ጠዋት ልጄን ይዘው ከሄዱት ሁለት ሰዎች አንዱ እሱ ነው።

"ተባረኩ! የት የት ደረሱልህ?"

"ትልቁ አሥረኛ ክፍል ነው፣ ሁለተኛዋ ሰባተኛ። ሦስተኛዋ..." አልኩና እንደፈራሁት ቆምኩ። የኖረችው አሥራ አንድ ቀን ነው፤ እኔ ዘንድ ስም እንኳ አልነበራትም። ሕፃኗ ነበር የምላት፤ ከሞተች በኋላ ደግሞ ምንም አላልኳትም።

ሚስቴ ቀና ብላ ስሟን ነገረቻቸው። እያሰበች አልነበረም፤ በየቀኑ እንደምትጠራው ስም ነው ከአፏ የወጣው። እኔ ስሙን ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር።

"ቆንጆ ስም ነው" አሉ እንግዳው፣ እና ማር ወደሚቀመስበት ሄዱ።